የታንከር ግርጌ

ግፊት የሚይዝ ታንከር ሲነደፍ አስቸጋሪው ክፍል ግርጌው ነው። ጎኑ ቱቦ ስለሆነ ውስጡ ያለው ጋዝ ወይም እንፋሎት በየአቅጣጫው እኩል ሲገፋው ላሜራው እንደ ቀለበት ይወጠራል እንጂ አይታጠፍም። ጠፍጣፋ ግርጌ ግን ዙሪያውን ተይዞ መሐሉ ይገፋል፤ ጭነት እንደበዛበት የእንጨት ድልድይ ይለምጣል። ብረት ሲወጠር ሁለመናው ይሠራል፤ ሲታጠፍ ግን የሚደክሙት የውስጥና የውጭ ገጾቹ ናቸው፣ መሐሉ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ሲታይ ያስገርማል። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 3 ሜትር የሆነ ታንከር 10 ባር ግፊት ቢይዝ፣ ግርጌውን የሚገፋው ኃይል የ7,200 ኩንታል ክብደት ያህል ነው። በተለመደው የቦይለር ብረት ለጎኑ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ጠፍጣፋ ግርጌ ግን ወደ 14 ሳንቲ ሜትር ይጠይቃል፤ ብረቱ ብቻውን ከ75 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ያው ግርጌ እንደ እንቁላል ጎን ወደ ውጭ ቢጎብጥ 11 ሚሊ ሜትሩ ይበቃዋል፣ ክብደቱም ወደ 8 ኩንታል ይወርዳል። የኳስ ግማሽ ቢሆን ደግሞ የዚያ ግማሽ ውፍረት ይችለዋል። ለዝገት የሚጨመረው እዚህ አልተቆጠረም።

ታዲያ ሁሉም ግማሽ ኳስ ለምን አይሆንም? ወፍራም ላሜራን ያን ያህል ማጎድጎድ አድካሚና ውድ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ጥልቀቱ የስፋቱ ሩብ የሆነው እንቁላል መሰል ቅርጽ ነው። ከዚያም ጥልቀቱ ያነሰ፣ እንደ ሳህን የተሠራ ርካሽ ግርጌ አለ፤ ጣጣው ሳህኑ ወደ ጎኑ በሚታጠፍበት ጠርዝ ላይ ነው። መሐሉ ወደ ውጭ ሲገፋ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ላሜራው ስስ ከሆነ እዚያው ይሸበሸባል። በዚህ ጠርዝ ላይ ቀዳዳ መብሳት ጥሩ ነዳፊ የሚሸሸው ነገር ነው።

የጎበጠ ነገር በራሱ አይቆምም። በጂንካ የቅዳሜ ገበያ የአሪ ሴቶች የሚሸጡት ሸክላ ታቹ ክብ ነው፤ ያ ለግፊት ተብሎ የተደረገ ባይሆንም ጀበና ማቶት፣ ድስት ሦስት ጉልቻ ይፈልጋል። የጋዝ ሲሊንደርም እንዲሁ ነው። ከታች የሚታየው ቀለበት ግርጌው ሳይሆን ማቶቱ ነው፤ እውነተኛው ግርጌ ከቀለበቱ ውስጥ ጎብጦ ተንጠልጥሏል። በትልልቅ የቆሙ ታንከሮች ይህ ማቶት የሰው ቁመት ያህል ይረዝማል፣ በኮንክሪት ላይም በቡሎን ይታሰራል።

በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ያሉት የኦሞ ኩራዝ ስኳር ፋብሪካዎች ዓይነቱን ሁሉ ያሳያሉ። ማንኛውም የአገዳ ስኳር ፋብሪካ የአገዳ ገለባ እያነደደ እንፋሎት ያመነጫል፤ የቦይለሩ የእንፋሎት በርሜል ጫፎች የጎበጡ ናቸው። ስኳሩ የሚበስልበት ድስት ግን ተቃራኒ ነው። አየሩ ተመጥጦ ስለሚሠራ የሚገፋው ከውጭ ነው፤ ታቹም የወፈረው ድፍድፍ ተንሸራትቶ እንዲወርድ ወደ መውጫው ይሾላል።

ለሞላሰስ የሚሠራው ታንከር ደግሞ በጣም ሰፊ ስለሆነ ጠፍጣፋ ወለል ይኖረዋል። ይህ የሚቻለው መሬቱ ስለሚሸከም ነው፤ ወለሉ ከላይ የተጫነውን ወደ አፈር የሚያሳልፍ ስስ ምንጣፍ ነው፣ 6 ሚሊ ሜትር ላሜራም ይበቃዋል። ችግሩ የሚጀምረው እንዲህ ባለ ሰፊ ታንከር ከፈሳሹ በላይ ጋዝ ሲታመቅ ነው። ስፋቱ 15 ሜትር በሆነ ታንከር ውስጥ የባር አንድ አሥረኛ ብቻ ቢኖር፣ ጣሪያው በ1,800 ኩንታል ክብደት ልክ ወደ ላይ ይነሣል። መሐሉን ፈሳሹ ወደ ታች ይጫነዋል፣ ጣሪያው ግን ጎኑን፣ ጎኑም የወለሉን ጠርዝ ይዞ ይነሣል። ስለዚህ የጠርዙ ላሜራ ይወፍራል፣ ጎኑም ጥልቅ ኮንክሪት ውስጥ በተቀበሩ ቡሎኖች ይታሰራል። ከታች ያለው አፈር መረሬ ከሆነ ሌላ ፈተና አለ፦ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ተቆርጦ ወጥቶ በተጠቀጠቀ ጠጠር ይተካል።

የሚነደፈውም ለአማካይ ቀን ሳይሆን ለክፉው ነው። ታንከሩ የያዘው ፕሮፔን ከሆነ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ ግፊቱ ከ12 ባር ያልፋል፤ የኦሞ ቆላ ሙቀት ደግሞ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሥራው ሲያልቅ ታንከሩ የሚፈተነው ውሃ ተሞልቶ ከሥራ ግፊቱ በላይ በመጫን ነው። አየር አይመረጥም፤ የታመቀ አየር ብየዳው ቢለቅ ይፈነዳል፣ ውሃ ግን ፈስሶ ይቆማል። እዚህ ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ ውሃ ከፈሳሽ ጋዝ በእጥፍ ገደማ ይከብዳል። ማቶቱና መሠረቱ ሥራ ሳይጀምሩ፣ በዚያች የፈተና ቀን፣ የዕድሜያቸውን ትልቁን ሸክም ይሸከማሉ።