የገና ሰላምታ በደሴና በኮምቦልቻ ገበያ

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር የደሴና የኮምቦልቻ ባለሱቅ የሚያሰናዳው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ቃልም ጭምር ነው። ክርስቲያኑ ደንበኛ ለጾመ ነቢያት መፍቻ ቅቤና ሽንኩርት፣ ቅመምና የልጆች ልብስ ሲገዛ ሙስሊሙ ነጋዴ ሒሳቡን ተቀብሎ ዝም ይበል ወይስ «እንኳን አደረሰዎ» ይበል? በወሎ ምድር ይህ እንደ ጥያቄ መነሣቱ ራሱ ለሸመገሉት ነጋዴዎች የሚያስገርም ነው። ከተነሣ ግን የንግዱ ማኅበረሰብ ሊያስብበት ይገባል።

ክርክሩ ሁለት መልክ አለው። የፊተኛው በክርስቲያኖች መካከል የሚደረግ ነው። በካርድና በማስታወቂያ ላይ «መልካም ገና» የሚለው አጻጻፍ እየተለመደ ሲሄድ፣ በዓሉ ልደት ነውና «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ» መባል አለበት የሚሉ ወገኖች አሉ። ገና የሚለው ስም ከግሪክኛ የመጣና ትርጉሙም ልደት መሆኑ ስለሚነገር፣ በስሙ ላይ የሚደረገው ሙግት ብዙ የሚያስኬድ አይመስለንም።

ሁለተኛው ግን ገበያን ይነካል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ14ኛው መቶ ዓመት የነበሩት የደማስቆው ሊቅ ኢብኑል ቀይም፣ ለሌላው ሃይማኖት በዓል የደስታ ቃል መስጠት አይፈቀድም ሲሉ ጽፈዋል። በዘመናችን የታወቁት ዩሱፍ አልቀርዳዊ ደግሞ በሰላም አብሮ ለሚኖር ሰው መልካም ቃል መስጠት እንደሚቻል አስተምረዋል። የሃይማኖቱን ፍርድ ለሊቃውንቱ እንተዋለን፤ የእኛ ጉዳይ በባንኮኒው ላይ የሚሆነው ነው።

የወሎ ሰው የሃይማኖትን ወሰን አያውቅም የሚል ቢኖር ተሳስቷል። በሥጋ ነገር ድንበሩ የታወቀ ነው፤ ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም ያረደው ለብቻው በሌላ ድስት ይሠራላቸዋል፤ ሙስሊሙም በተራው ለክርስቲያን ጎረቤቱ ያስብለታል። ድስቱን የለየ ሕዝብ ግን ሰላምታውን ሳይለይ ኖሯል።

ለዚህም ቃሉ ራሱ ሳያግዝ አልቀረም። «እንኳን አደረሰዎ» ሲባል አድራሹ በስም አይጠራም፤ በዓሉም ካልጨመሩት አይነሣም። የሚነገረው ሰውየው ዓመቱን በሕይወት መሻገሩ ነው፤ ስለዚህ ለገናም፣ ለኢድም፣ ለዘመን መለወጫም ያገለግላል። ምናልባት ከበድ የሚለው «እንኳን አብሮ አደረሰን» የሚለው መልስ ነው፤ ሰላምታ ሰጪውንም ከበዓሉ ያስገባዋልና። ይህን የሚሰጋ ነጋዴ ቢኖር የአገሩ ምርቃት አለለት። «ከዓመት ዓመት በጤና ያድርስዎ፣ እትዬ» ቢል «አሜን፣ ሐጂ» ተብሎ ይመለስለታል፤ ደንበኛዋም ደስ ብሏት ትሄዳለች።

የቃሉ ክብደት በ2014 ዓ.ም. ታይቷል። ሁለቱ ከተሞች በጥቅምት ወር በጦርነቱ ተይዘው ሰንብተው፣ በመንግሥት ኀይሎች እጅ መመለሳቸው የተነገረው ኅዳር 27 ቀን ነበር። ገና የዋለው ከዚያ በ32ኛው ቀን ነው። መጋዘኑ የተዘረፈበት ሙስሊምና የሱቁ መዝጊያ የተሰበረበት ክርስቲያን ያን ጊዜ «እንኳን አደረሰህ» ለመባባል መጽሐፍ መግለጥ ያስፈልጋቸው ነበር ለማለት እንቸገራለን።

ክርስቲያኑም ነጋዴ የሚያስታውሰው ነገር አለ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች፣ ደጋፊ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው፣ በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ አደረጉ፤ በ1967 ዓ.ም. ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ከመንግሥት በዓላት ተቈጠሩ። ከዚያ በፊት ገና የሥራ መዝጊያ ቀን ሲሆን የሙስሊሙ በዓል በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። በገና የሰላምታ ቃል የሚጠብቅ ሰው በኢድ ጧት ቀድሞ ሰጥቶ እንደ ሆነ ራሱን ይመርምር።

ከውጭ አገር ጋር ለሚጻጻፉ አስመጪዎችና ላኪዎች ሌላ ጥንቃቄ ያሻል። የምዕራባውያን ገና ታኅሣሥ 16 ቀን ስለሚውል፣ የደስታ ደብዳቤያቸው በእኛ በዓል ቢላክ በ13 ቀን ይዘገያል። በአሜሪካ ነጋዴዎች «መልካም ገና» ወይስ «መልካም በዓላት» እንበል እያሉ መከራከራቸውን ለሚያውቅ፣ የደንበኛውን ልማድ አስቀድሞ መጠየቅ አያሳፍርም።

ካላንደርና የዕቃ መያዣ ከረጢት የምታሳትሙም ይህን አስቡ። በ1992 ዓ.ም. ዘመኑ ዮሐንስ ስለ ነበር ገና ታኅሣሥ 28 ቀን ዋለ፤ ኢድ አልፈጥር ደግሞ በማግሥቱ ሆነ። የእስልምና ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር በዓላቱ በ2024 እና በ2025 ዓ.ም. ዳግመኛ ይቀራረባሉ፤ ርቀታቸውም አንድ ሳምንት ያህል ይሆናል። በዚያን ጊዜ የበዓሉ ስም ያልተጻፈበት «እንኳን አደረሰዎ» የታተመበት ከረጢት ለሁለቱም ገበያ ይበቃል፤ የኅትመቱም ወጪ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈላል።