ቢጫው ገመድ ይበቃል

ከቴሌቪዥን ወይም ከዲሽ ሪሲቨር ጀርባ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለች። መዝጊያዋን በጣት ገፋ ሲያደርጉት ከውስጥ ቀይ ብርሃን ይታያል። አንዳንዱ ሰው ጠቋሚ መብራት ይመስለዋል፤ የሚወጣው ግን ድምፅ ነው። ቶስሊንክ ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ቶሺባ የራሱን የሲዲ ማጫወቻ ከአምፕሊፋየር ጋር ለማገናኘት ያመጣት ናት። በብዙ ዕቃዎች ላይ ከአጠገቧ ኮአክሲያል የሚባል ክብ መሰኪያ አለ። ሁለቱም የሚናገሩት ሶኒና ፊሊፕስ የነደፉትን ኤስፒዲፍ የተባለ ቋንቋ ነው፤ አንዱ በብርሃን፣ ሌላው ግማሽ ቮልት በምታህል ኤሌክትሪክ።

ለዚህ ሥራ የሚሸጡ ገመዶች ዋጋቸው ሰማይና ምድር ነው። ከስፒከሩ በላይ የሚያወጣ ገመድ አለ፤ ሻጩም «ባሱን ያወፍራል፣ የዘፋኙን ድምፅ ያለሰልሳል» ይላል። ይህን ለመመዘን ገመዱ ውስጥ ምን እንደሚያልፍ ማየት ይበቃል።

ሲዲ ድምፅን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ነው። ለግራና ለቀኝ ሲታሰብ በሴኮንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል። ገመዱ ላይ የሚጓዘው ደግሞ የዚህ እጥፍ ነው፤ እያንዳንዱ ልኬት መነሻ ምልክትና የስሕተት መፈተሻ ተጨምሮለት በ32 ቢት ጥቅል ስለሚላክ። ባሱም ሆነ የዘፋኙ ድምፅ እዚያው ቁጥሮቹ ውስጥ ናቸው። ስልክ ቁጥር የሚያስጽፈን ሰው ድምፁ ቢጎረንንም ቢቀጥንም፣ ከሰማነው ቁጥሩ ያው ነው። ገመድም የባሱን ቁጥር ለይቶ የሚያወፍርበት መንገድ የለውም። ሲበላሽ በጅምላ ነው የሚበላሸው፦ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። የጠፋውን ቢት መልሶ የሚያስልክ ሥርዓት ስለሌለው ጉዳቱ ወዲያው በጆሮ ይሰማል።

ሆኖም የውድ ገመድ ወዳጆች ከሚያነሱት መካከል አንዱ መሠረት አለው። ገመዱ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ጊዜውንም ነው የሚያደርሰው። ለሰዓቱ የተለየ ሽቦ የለም፤ ተቀባዩ ምቱን የሚያወጣው ከዚያው ከሚመጣው ሞገድ ላይ ነው። ሞገዱ ጠርዙ ሲዶለዱም ወይም ገመዱ ጫፍ ላይ ሲነጥር ምቱ በጥቂቱ ይዋልላል፤ ይህን ጂተር ይሉታል። ቁጥሩ ሳይነካ፣ ወደ ድምፅ የሚለወጥበት ቅጽበት ይዛነፋል ማለት ነው። በቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ይህ በመለኪያ በግልጽ የሚታይ ነገር ነበር። አሁን ግን በደንብ የተሠራ ዳክ፣ ማለትም ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ክፍል፣ የመጣለትን ምት እንዳለ አይቀበልም፤ በራሱ ክሪስታል ያስተካክለዋል። እንግዲህ ገንዘብ የተረፈው ሰው ዳኩን ይለውጥ፤ ከዚያም በላይ ከተረፈው ስፒከሩን።

በኦፕቲካሉ፣ ማለትም በቶስሊንክ፣ እና በኮአክሲያሉ ገመድ መካከል በጆሮ የሚለይ ነገር ካለ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ኮአክሲያል መዳብ ስለሆነ የሁለቱን ዕቃዎች አካል በኤሌክትሪክ ያያይዛል። ቴሌቪዥኑ በዲሽ ገመድ በኩል ከጣሪያው ጋር፣ አምፕሊፋየሩ በሶኬቱ በኩል ከግድግዳው ጋር ተያይዘው በመካከላቸው ጥቂት የቮልቴጅ ልዩነት ካለ፣ ከስፒከሩ እምምም የሚል የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ሊመጣ ይችላል። የኦፕቲካሉ ገመድ ግን ፕላስቲክ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሻግርም። ጉርምርምታ ካለ ኦፕቲካል፣ ከሌለ በእጅ ያለው።

ኦፕቲካል ጠባዩ ስስ ነው። ውስጡ አንድ ሚሊ ሜትር የሚሆን የፕላስቲክ ዘንግ ስለሆነ ከቁም ሳጥን ጀርባ አጥፎ መጨቆን አይወድም። አዲስ ሲገዛም ጫፎቹ ላይ መስታወት የሚመስሉ ትናንሽ ቆቦች አሉ፤ እነሱን ሳያወልቅ «አልገባ አለኝ» እያለ የሚታገል ሰው ጥቂት አይደለም።

ለኮአክሲያል የሚያስፈልገው 75 ኦም የሆነ ገመድ ነው። ይህ ደግሞ ብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ አለ፦ ከዲቪዲ ማጫወቻ ጋር ከመጡት ሦስት ገመዶች ቢጫው። ቪዲዮም የሚፈልገው ያንኑ 75 ኦም ስለሆነ ለአንድና ለሁለት ሜትር ያለ ችግር ያገለግላል።

ሁሉም በትክክል ተሰክቶ ድምፅ እንቢ ካለ ገመዱን ከመወንጀል በፊት የቴሌቪዥኑን የድምፅ ሴቲንግ ማየት ነው። ቴሌቪዥኑ የፊልሙን ባለ 5.1 ዶልቢ ድምፅ እንደታሸገ ሊልክ ይችላል፤ ሁለት ስፒከር ብቻ የሚያውቅ አምፕሊፋየር ያን አይፈታም፣ ወይ ዝም ይላል ወይ ይንሻሻል። ዲጂታል አውትፑት የሚለውን ፒሲኤም ላይ ማድረግ ነው፤ ወዲያው ይናገራል።