የቅናሽ ቀን ግፊያ፦ ተረቱና እውነታው

ኖቬምበር 28 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ነው። በኒውዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ፣ ቫሊ ስትሪም የሚገኘው የዋልማርት መደብር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በሩን ሊከፍት ተዘጋጅቷል። ዕለቱ ከምስጋና ቀን ማግስት የሚውለው ብላክ ፍራይዴይ፣ የታላቁ ቅናሽ ቀን ነበር። ውጭ 2,000 ያህል ሰው ተሰብስቧል፤ ብዙው እዚያው ሲጠብቅ ያደረ ነው። ግፊያው በሩን ነቅሎ ጣለው። ለበዓሉ ሰሞን በጊዜያዊነት የተቀጠረ የ34 ዓመት ሠራተኛ በግፊያው ሕይወቱ አለፈ። ስለዚህ ዓይነቱ አደጋ የሚወራው አብዛኛው ነገር ስሕተት ነው፤ ስሕተቱ ደግሞ ተጠያቂውን ይሰውራል።

ተረት፦ ሰዉ በርካሽ ዕቃ ስስት አብዶ ነው።

ይህ ከሁሉ የተስፋፋው፣ ከሁሉም የሚጎዳው አባባል ነው። ከኋላ የቆመ ሰው ፊት የሚሆነውን አያይም። ሰልፉ የተንቀሳቀሰ ሲመስለው ግማሽ እርምጃ ይጠጋል፤ ከኋላው ያለውም እንዲሁ ያደርጋል። የብዙ መቶ ሰው ግማሽ እርምጃ ተደምሮ በሩ ላይ ያሉትን ይጨፈልቃል። ስለ ሕዝብ መጨናነቅ ያጠናው አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆን ፍሩይን እንዳስረዳው፣ በአንድ ካሬ ሜትር ሰባት ሰው ገደማ ሲታጨቅ ሕዝቡ እንደ ፈሳሽ ይናወጣል፤ ግለሰቡ ልቁም ቢል መቆም፣ ልመለስ ቢል መመለስ አይችልም። እዚያ ደረጃ ከተደረሰ በኋላ ጨዋነትም ስስትም ለውጥ አያመጡም።

መጠየቅ ያለበት ሰዉ እዚያ ደረጃ እንዴት ደረሰ የሚለው ነው። ጥቂት ቴሌቪዥኖችን በማይታመን ዋጋ አስተዋውቆ፣ አንድ በርና አንድ ሰዓት ወስኖ፣ ቀድሞ የገባ ያግኝ ያለው መደብሩ ነው። ሩጫውን ያዘጋጀ አካል ስለ ሩጫው ደኅንነት አያገባኝም ሊል አይችልም።

ተረት፦ የሚሞተው የወደቀና የተረገጠ፣ አቅም የሌለው ሰው ነው።

የቫሊ ስትሪሙ ሟች ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ ክብደቱም ከ120 ኪሎ በላይ ነበር። የገደለው መታፈን ነው። ለመተንፈስ ደረት መስፋት አለበት፤ ከየአቅጣጫው ሲጫኑት መስፊያ ያጣል። በዚህ መንገድ ሰው በቆመበት ሊሞት ይችላል። በ2022 በሴኡል ኢቴዎን ሰፈር 159 ሰዎች የሞቱት በጠባብ መንገድ ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ ነው፤ እዚያ ቅናሽም ሱቅም ምክንያት አልነበረም።

ተረት፦ ማንም ሊገምተው የማይችል ድንገተኛ ነገር ነው።

በ2004 በጅዳ አዲስ የኢኬያ መደብር ሲከፈት፣ ቀድመው ለሚደርሱ ደንበኞች የግዢ ኩፖን እንደሚሰጥ ተነግሮ በተፈጠረ ግፊያ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። በዓመቱ በለንደን ኤድመንተን የዚሁ ኩባንያ መደብር እኩለ ሌሊት ላይ ሲከፈት በሺዎች የሚቆጠር ሰው መጥቶ፣ መደብሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ሠርቶ ተዘጋ። ከቫሊ ስትሪም በፊት ማስጠንቀቂያው ነበረ ማለት ነው።

ተረት፦ ጠንካራ ሠራተኞችን በር ላይ ካቆሙ ይበቃል።

ቫሊ ስትሪም የተደረገው ይኸው ነው፤ ሠራተኞች ግፊያውን በሰውነታቸው ሊመክቱ ሞከሩ። በአሜሪካ ሱቆች በጥበቃና በሽያጭ የምትሠሩ ወገኖቼ ይህን ልብ በሉልኝ፦ ሰው አጥር አይሆንም።

ተረት፦ ሕግ ስለሌለ ኃላፊነት የለም።

ስለ ቅናሽ ቀን ሕዝብ የሚደነግግ የተለየ የፌዴራል ደንብ አልነበረም። የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ኦሻ ግን በ1970 የወጣው ሕግ አሠሪው ሁሉ ሠራተኛውን ከታወቀ ከባድ አደጋ እንዲጠብቅ ስለሚያስገድድ፣ ዋልማርትን 7,000 ዶላር ቀጣ። ኩባንያው ለዚህች ገንዘብ ዓመታት ተከራክሮ ይግባኙን የተወው በ2015 ነው። ገንዘቡ ሳይሆን ኃላፊነት አለብህ መባሉ እንደከበደው አምናለሁ። ከአካባቢው የናሶ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ጋር ግን በ2009 ተስማምቶ፣ በኒውዮርክ በሚገኙ 92 መደብሮቹ የሕዝብ አያያዝ ዕቅድ እንዲያወጣና ለተጎጂዎች 400,000 ዶላር እንዲመድብ ተደርጓል። የኦሻ ሥልጣን ሠራተኛውን እንጂ ገበያተኛውን እንደማይጠብቅ መታወቅ አለበት፤ ለገበያተኛው የቀሩት የእሳት አደጋ ደንቦችና የካሳ ክስ ናቸው።

ተረት፦ ትልቅ ቅናሽ ካለ ግፊያ አይቀርም።

ዋልማርት በ2009 አብዛኞቹን መደብሮቹን ሌሊቱን ሙሉ ክፍት አደረገ። የተዘጋ በር ከሌለ፣ በሩ ሲከፈት የሚገፋ ሕዝብም የለም። ኦሻ ከአደጋው በኋላ ያወጣው መመሪያም የሚጠይቀው ተራ ነገር ነው፦ ከበሩ ራቅ ብሎ የሚጀምር፣ የሚጠማዘዝና ክፍተት ያለው አጥር፤ ለውስን ዕቃዎች ቁጥር ወይም የእጅ ማሰሪያ ቀድሞ ማደል፤ ተፈላጊ ዕቃዎችን በተለያየ ቦታ መበተን፤ ሰዉን በጥቂት በጥቂቱ ማስገባት፤ መደብሩ ሲሞላ ማቆም፤ የአደጋ መውጫዎችን አለመዝጋት።

በቅናሽ ቀን ሥራ የምትገቡ ከሆነ፣ ከዋዜማው ለአለቃችሁ ጥያቄ አቅርቡ፦ ሰልፉ ከየት ይጀምራል? የውስን ዕቃዎች ቁጥር ስንት ሰዓት ይታደላል? ነገሩ ከእጅ ከወጣ ግቡ ማለቱን ማን ያስቆማል? በሩ ሲከፈት እኔ የምቆመው የት ነው? መልሱ «በሩ ፊት» ከሆነ፣ ሌላ ቦታ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።