የቻይና የጦር መርከቦች ስንት ይመዝናሉ? በምንስ ይንቀሳቀሳሉ?

ቻይና «ፉጂያን» የተሰኘችውን አውሮፕላን ተሸካሚ በ2022 ሻንጋይ ላይ ውኃ ስታስነካ፣ ስለ ክብደቷ በይፋ የተነገረው «ከ80 ሺህ ቶን በላይ» የሚል ብቻ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ብዙዎቹ መርከቦቿ ይህን ያህል እንኳ አይነገርም። የምናነባቸው ቶኖችና ፍጥነቶች በአብዛኛው ከውጭ ሆነው የሚመለከቱ ሰዎች ግምት ናቸው። ግምቱ ግን የዘፈቀደ ወሬ አይደለም፤ ስሌት አለው፤ ስሌቱ የት እንደሚጸና፣ የት እንደሚላላም ማወቅ ይቻላል።

ርዝመት ቀላሉ ነው። ለገበያ የሚቀርቡ የሳተላይት ፎቶዎች ግማሽ ሜትር የሚያህልን ነገር ስለሚለዩ፣ 180 ሜትር ገደማ በምትረዝመው ዲስትሮየር «ናንቻንግ» ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ጥቂት ነው። ወደብ ላይ የተደረደሩት ትልልቅ ኮንቴይነሮች 12.2 ሜትር እንደሚረዝሙ ስለሚታወቅ ልኬቱን ለማመሳከር ይረዳሉ። በ2007 የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ፌዴሬሽን ተመራማሪ ሃንስ ክሪስተንሰን፣ ባሊስቲክ ሚሳይል የምትሸከመውን አዲሷን «ጂን» ሰርጓጅ ዳልያን አጠገብ ያገኛት ማንም በነፃ በሚከፍተው ጉግል ኧርዝ ላይ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ክብደት ላይ ነው። መርከብ የምትመዝነው ገፍታ የምታስለቅቀውን ውኃ ያህል ነው። ናንቻንግን እናስላት። በውኃው ወለል ላይ ያለው ርዝመቷ 170 ሜትር፣ ስፋቷ 20፣ ውኃ ውስጥ የሚጠልቀው ክፍሏ 6.6 ሜትር ነው ብንል፣ ሲባዙ 22,440 ሜትር ኩብ የሚሆን ሣጥን ይሰጡናል። ፈጣን የጦር መርከብ ግን ሣጥን አይደለችም፤ ፊቷ ሹል፣ ሆዷ ቀጭን ስለሆነ የምትሞላው ግማሹን ያህል ነው። ግማሹን በባሕር ውኃ ክብደት (በሜትር ኩብ 1.025 ቶን) ስናባዛ 11,500 ቶን ገደማ እናገኛለን። ስለ እሷ የሚጻፈው በአብዛኛው ከ12 እስከ 13 ሺህ ቶን ነው። ልዩነቱን የሚያመጡት የጠለቀው ክፍልና «ግማሽ» ያልነው ድርሻ ናቸው፤ ሁለቱም ከሰማይ አይታዩም። ሦስቱንም ልኬቶች በአምስት በመቶ ብቻ አብዝተን ብንገምት ክብደቱ በ16 በመቶ ገደማ ይዛባል። ስለዚህ አንድ ጸሐፊ ክብደቱን እስከ መጨረሻዋ ቶን ቆርጦ ሲነግረን ልንጠራጠረው ይገባል ባይ ነኝ።

ሰርጓጅ ላይ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ስትንሳፈፍና ስትጠልቅ ክብደቷ ይለያያልና። በሩሲያ ልማድ በድርብ አካል የምትሠራ ሰርጓጅ በሁለቱ አካላት መካከል ብዙ ውኃ ታስገባለች፤ የሁለቱ ክብደቶች ልዩነት 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። የአሜሪካኖቹ ልዩነት ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። የሁለቱን ዓይነት ሰርጓጆች ጠልቀው ባላቸው ክብደት ብቻ የሚያወዳድር ሰው፣ መሣሪያና ሰው ሊይዝ የማይችለውን ውኃ አብሮ እየመዘነ ነው።

ሞተሩ ራሱ አይታይም፤ ምልክቱ ግን ይታያል። ጋዝ ተርባይን ብዙ አየር ስለሚስብ ሰፋፊ የአየር ማስገቢያና የጭስ መውጫ ይፈልጋል። ከዚያ የግዢ ታሪክ አለ። ቻይና ለዲስትሮየር «ሃርቢን» የአሜሪካ ተርባይን ገዝታ ነበር፤ ከ1989 የቲያናንመን ግድያ በኋላ ያ በር ሲዘጋ ወደ ዩክሬን ዞረች። ዛሬ ናንቻንግን የሚያንቀሳቅሷት አራቱ «ኪው ሲ 280» ተርባይኖች ዘራቸው ከዩክሬን ነው። ፍጥነትም ይለካል። ጥልቅ ባሕር ላይ መርከብ ከኋላዋ የምትተወው ማዕበል ርዝመት ከፍጥነቷ ጋር የተቆራኘ ነው፤ በ20 ኖት 68 ሜትር፣ በ30 ኖት 152 ሜትር ገደማ። ፎቶው ላይ ከአንዱ ማዕበል ጫፍ እስከ ሌላው የለካ ሰው መርከቧ በዚያች ቅጽበት ስንት ኖት ትጓዝ እንደነበር ያውቃል።

የኑክሌር ኃይልን መለየት ከሁሉም ይከብዳል። በ2024 ዉሃን ወደብ ላይ አንዲት አዲስ ሰርጓጅ መስጠሟ የተጠረጠረው ክሬን የጫኑ ጀልባዎች ዙሪያዋን ሲሰበሰቡ በሳተላይት ስለታዩ ነው። የአሜሪካ ባለሥልጣናት በኑክሌር የምትንቀሳቀስ ናት አሉ፤ ብዙ ባለሙያዎች ግን ተጠራጠሩ፤ የቻይና የኑክሌር ሰርጓጆች የሚሠሩት ሰሜን ውስጥ ሁሉዳኦ እንጂ ከባሕር በራቀው የያንግትሴ ወንዝ ዳር አይደለምና። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ሚድልበሪ ተቋም ተመራማሪዎች ሲቹዋን ውስጥ ሌሻን አጠገብ ያለ ተራራማ ሥፍራን የመረመሩት ለቦምብ የሚሆን ፕሉቶኒየም ይመረትበታል በሚል ጥርጣሬ ነበር። የጨረታና የግዢ ሰነዶችን ከሳተላይት ፎቶው ጋር ሲያገናኙ ግን የደረሱበት ሌላ ነው፤ ለትልቅ የጦር መርከብ የታሰበ የሙከራ ማብላያ።

ከእኛ አቅራቢያም ይኸው ስሌት ተነሥቷል። በ2021 የአሜሪካ የአፍሪካ ዕዝ አዛዥ ጄኔራል ስቲቨን ታውንሰንድ፣ ጅቡቲ ባለው የቻይና ጦር ሠፈር የተሠራው አዲስ የመርከብ ማቆሚያ አውሮፕላን ተሸካሚ እንደሚያስተናግድ ለምክር ቤት ተናግረዋል። ማቆሚያው ከ300 ሜትር በላይ እንደሚረዝም ከፎቶ ይለካል። ከጎኑ ያለው ውኃ ፉጂያንን የምታህል መርከብ ሙሉ ጭነቷን ይዛ ለመቅረብ ይበቃታል ወይ የሚለውን ለመመለስ ግን የባሕሩን ወለልም የመርከቧን ሆድም ጥልቀት ማወቅ ያስፈልጋል።