ከራስ በላይ ውሃ፣ ከእግር በታች ውሃ

ከላሊበላ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ የነአኩቶ ለአብ ገዳም አለ። ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው ገደል ሥር ባለ የተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ ነው። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከታች የተቀመጡ የድንጋይ ገንዳዎች ይቀበሉታል፤ ምእመናን ጠበል ብለው ይወስዱታል። በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን የደረሰ እንግዳ ሽቅብ ማየቱ አይቀርም። ዝናብ በሌለበት ይህ ከየት መጣ?

ላሊበላ ያለችበት ላስታ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየገነፈለ በወጣ ላቫ የተነባበረ አገር ነው። አንዱ ላቫ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ይሰነጣጠቃል። ሌላው እስኪመጣ አመድና አፈር ይተኛበታል፤ ከዚያ አዲሱ ይደፋበታል። እንደ መሶብ እንጀራ ነው፣ ይደራረባል። የክረምት ዝናብ ከላቫው በተሠራው ጥቁር ድንጋይ ስንጥቅ ይወርድና የአመድና የአፈሩ ሸክላማ ድርብ ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣል፤ ወደ ጎን ሄዶ በገደሉ ፊት ብቅ ይላል። አካሄዱ አዝጋሚ ስለሆነ ክረምቱ ካለፈም በኋላ ይንጠባጠባል። በእንዲህ ያለ ገደል ላይ ዋሻ የሚፈለፍለውም ይኸው እርጥበት ነው፤ ለስላሳው ድርብ ላልቶ ሲፈርስ ከላይ ያለው ጠንካራ አለት ጣሪያ ሆኖ ይቀራል።

የባሌው የሶፍ ዑመር ዋሻ ሌላ ነገር ነው። እዚያ የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋይን አሟሙቶ 15 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከፍቷል። ጥቁር ድንጋይ ግን እንደዚያ አይሟሟም፤ ላስታ ላይ ከጣሪያ የተንጠለጠለ የኖራ ጌጥ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

በአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ በጽድ ደን መካከል ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ የሚያስገርመው ከነአኩቶ ለአብ በተቃራኒው ነው። እንጨትና ድንጋይ በየረድፉ እየተፈራረቁ፣ በአክሱም ሥርዓት የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ትውፊቱ ከንጉሥ ላሊበላ በፊት የነገሠው የዛጔ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ሥራ መሆኑን ይናገራል። እንጨቱ ይህን ሁሉ ዘመን የቆየው ዝናብና ፀሐይ ስላላገኘው ነው፤ ዋሻው ጃንጥላው ነው።

እዚህ ውሃው የሚወራው ከእግር በታች ነው። ወለሉ በሐይቅ ላይ በተረበረበ እንጨት እንደቆመ ካህናቱ ያስረዳሉ፤ በትንሽ ጉድጓድ በኩልም እርጥቡን ጭቃ ያሳያሉ። ጭቃው ሳይንሱን አያስከፋም፤ ከተራራው የሚሰርግ ውሃ በማያሳልፈው ድርብ ላይ መጠራቀሙ የሚጠበቅ ነው። ከሄዱ ያቺን ጉድጓድ እንዲያሳዩዎ ካህኑን በትሕትና ይጠይቁ፤ የእጅ ባትሪም አይርሱ።