የእሑዱ ክኒን፦ ሕመም የተደራረበባቸው አረጋውያንና የሕክምና ውሳኔ

አክስቴ መድኃኒታቸውን የሚይዙት በጥቁር ፌስታል ነው። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ድካምና የጉልበት ሕመም አለባቸው። እግራቸው ስለሚያብጥ ጠዋት ጠዋት የሚዋጥ፣ ውሃ በሽንት የሚያስወጣ ክኒን ታዞላቸዋል። እሑድ ግን አይነኩትም፤ ከቅዳሴ መሀል እየወጡ መግባት አይሆንላቸውም። ሳምንቱን እግራቸው አብጦ ይቆያል፣ የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል። «የሚተዉት ቀን አለ ወይ?» ያላቸው ሰው አልነበረም። እሳቸውም ይህን ሐኪም ፊት ማንሳት ነውር መስሏቸው ዝም ብለው ኖሩ።

የሕክምና መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው አንድ በሽታ ብቻ ያለበትን ሰው በማሰብ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. (የሚቀጥሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቦይድና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ አምስት ሥር የሰደዱ በሽታዎች ያሉባቸውን የ79 ዓመት ሴት በሐሳብ ፈጥረው የየበሽታውን መመሪያ በሙሉ ተከተሉላቸው። ውጤቱ 12 ዓይነት መድኃኒትና በወር 406 ዶላር ወጪ ሆነ። የአንዱ በሽታ ምክር ከሌላው ጋር የሚጋጭበትም ቦታ ነበር። እያንዳንዱ መመሪያ ለብቻው ትክክል ነው፤ ሁሉም አንድ ሰው ላይ ሲያርፉ ግን የቱ ይቅደም የሚለውን መመሪያ አይመልሰውም። መልሱ ያለው በሽተኛዋ ዘንድ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ጥቂት አይደለም። በ2012 ስኮትላንድ ውስጥ የ1.75 ሚሊዮን ሰዎች መዝገብ ሲመረመር ከአራት ሰው አንድ የሚጠጋው ሁለትና ከዚያ በላይ ሥር የሰደደ ሕመም ነበረበት። በድኻ ሰፈሮች መደራረቡ ከሀብታሞቹ ከ10 እስከ 15 ዓመት ቀድሞ ይጀምራል። ባሕር ዳር ላይ ለሥር የሰደደ ሕመም ክትትል በሚመላለሱ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመም ተደራርቦባቸው አግኝቷል።

ታዲያ አረጋውያን ሲጠየቁ ምን ይላሉ? ተመራማሪዎቹ ቴሪ ፍሪድና ሜሪ ቲኔቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2011 ባወጡት ጥናት ለ357 አረጋውያን አራት ነገር አቀረቡ፦ ዕድሜን ማራዘም፣ ራስን ችሎ መኖር፣ ሥቃይን መቀነስ፣ እንደ ማዞርና ድካም ያሉ ስሜቶችን ማስታገስ። ሦስት አራተኛ ያህሉ ራስን ችሎ መኖርን አስቀደሙ። ሐኪም ግን ሳይጠይቅ ዕድሜን ሊያስቀድም ይችላል። እንግሊዝ በ2016 ባወጣችው ብሔራዊ መመሪያ ሐኪሙ የታካሚውን ዓላማና የሕክምናውን ሸክም (የክኒኑን ብዛት፣ የቀጠሮውን ምልልስ) አብሮ እንዲመዝን ጠይቃለች።

ማስረጃው ገና ስስ ነው። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግመው የኮክሬን ተመራማሪዎች በ2019 በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ሕመም የተደራረበባቸውን አረጋውያን በውሳኔ ማሳተፍ ምን እንደሚለውጥ ሲፈትሹ መስፈርቱን ያሟሉ ያገኙት 3 ጥናቶችን ብቻ ነው። በእንግሊዝና በስኮትላንድ በ33 ክሊኒኮች 1,546 ታካሚዎችን ይዞ ታካሚው ላይ ያተኮረ ክትትልን የፈተነው የ2018 ትልቅ ሙከራም የኑሮ ጥራታቸው እንደተሻሻለ አላሳየም። ታካሚዎቹ ግን ሕክምናው ለእነሱ የሚሆን፣ ሰው የሚሰማበት እንደሆነላቸው ተናግረዋል። እኔ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም።

አገራችን ውስጥ ውሳኔው ከሐኪሙ ክፍል ሰፋ ይላል። ጾምን እንውሰድ። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር መድኃኒት ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ የሚውሉ ሰው ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። «አይጹሙ» ሲባሉ «እሺ» ይላሉ፤ ቤታቸው ገብተው ይጾማሉ። ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለሕመምተኛ ፈቃድ አላቸው፤ ስለዚህ የንስሐ አባቱን ወይም ኢማሙን ያላካተተ ምክር ግማሽ ምክር ነው። ቤተሰቡም አለ። ልጆች ወደ ሐኪሙ ቀድመው ገብተው «እንዳይደነግጡ አይንገሯቸው» ይላሉ፤ በፍቅር ነው፣ ግን ስለ ራሳቸው አካል የሚመከርበትን ወንበር ከእናታቸው ይወስዳሉ። ይሉኝታውም ሲጨመር አዛውንቱ ያልገባቸውን እንኳ አይጠይቁም። ከደጅ ያለውን ሰልፍ እያዩ ማን ደፍሮ ያወራል?

በአሜሪካና በአውሮፓ በሚኖሩ ወላጆቻችን ዘንድ ደግሞ ቋንቋ ይጨመራል። የሚያስተረጉመው ልጅ ሲሆን እናት የሽንት ችግራቸውን ወይም የሞት ፍርሃታቸውን አያወሩም፤ ልጁም የከበደውን ቃል ያለዝበዋል። የሰለጠነ አስተርጓሚ መጠየቅ ወላጅን መናቅ አይደለም።

ባለፈው ዓመት አንዲት ነርስ አክስቴን ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ እንዲያፈሱ ጠየቀቻቸው። «እማማ፣ ከእነዚህ ውስጥ የሚያስቸግርዎት የቱ ነው?» አለች። አክስቴ እኔን አዩ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ የእሑዱን ነገር ነገሯት። ነርሷ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ ተመለሰች፤ እሑድ እሑድ ክኒኑን ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ከምሳ በኋላ ይውሰዱት ተባለ።