ዘይት የሚያፈስ መሪ፤ በወልቂጤና በቡታጅራ ጋራዦች ያየነው

የመስቀል በዓል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ አገር የሚወርደው መኪና ምን ያህል እንደ ሆነ ሁሉም ያውቀዋል። ነጋዴውም ተማሪውም ከወላጆቹ ዘንድ ለመዋል ይሳፈራል፤ አንዱ ወገን በጅማ መንገድ ወደ ወልቂጤ፥ ሌላው በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ሰው ከሚጭኑት መኪናዎች ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው። እኛም ባለፈው ዕረፍት በሁለቱ ከተሞች ወደሚገኙ ጥቂት ጋራዦች እየሄድን፥ መሪያቸው ዘይት የሚያፈስ መኪናዎች እንዴት እንደሚመረመሩና እንዴት እንደሚጠገኑ ስንመለከት ሰነበትን።

ባለመኪናው አሮጌውን ትቶ አዲስ ቢገዛስ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ መጠን ከፍ ያለ ታክስ ጣለበት፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ መንግሥት መወሰኑን አስታወቀ። ስለዚህ በእጅ ያለውን እያስጠገኑ መንዳት ግድ ሆኗል።

አስቀድሞ የመሪውን አሠራር መረዳት ያሻል። ነጂው መሪውን ሲያዞር፥ ከመሪው ጋር የተያያዘች አንዲት ትንሽ ባለ ጥርስ መንኰራኵር በመኪናው ወርድ የተጋደመውን ጥርሳም ብረት ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ትገፋዋለች። የብረቱ ሁለት ጫፎች ከፊት ጎማዎች ጋር የተያያዙ ስለ ሆኑ ጎማዎቹ ይዞራሉ። መካኒኮች ይህን ብረት በእንግሊዝኛው «ራክ» ይሉታል፤ እኛ ጥርሳሙ ዘንግ ብንለው ይሻላል። በዘንጉ ወገብ ላይ ፒስተን አለ። በሞተሩ ችንጋ የሚዞር ፓምፕ ዘይት እየገፋ ነጂው ባዞረበት አቅጣጫ ፒስተኑን ያግዘዋል። እንዲህ ያለው በዘይት የሚታገዝ መሪ በቤት አውቶሞቢል ላይ ለገበያ የቀረበው በ1951 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የክራይስለር ኩባንያ ነው።

መሪው በሚከብድበት ጊዜ የዘይቱ ግፊት ከ70 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ የአንድ አውቶሞቢል ጎማ ነፋስ ግን ከ2 እስከ 3 ባር ያህል ብቻ መሆኑን ማስታወስ ነው። ይህን ሁሉ ግፊት አግቶ የሚይዘው ከጣት ቀለበት ብዙም የማይወፍር ጎሚኒ ነው። (በትምህርት ቤት ያጠናነው የእንግሊዝኛ ስም በጋራዡ እምብዛም አልጠቀመንም፤ ጎሚኒ፥ ቡሎን፥ ዳዶ፥ ፋሸታ፥ ቶርኖ፥ ክሪክ፥ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።)

ጎሚኒው በእርጅናና በሙቀት ይደርቃል። ይልቁንም በየመናኸሪያው ጠባብ ስፍራ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ እንደ ያዙ መቆየት ዘይቱን እጅግ ያሞቀዋል። ይሁንና ባየናቸው መኪናዎች ላይ ዋናው ምክንያት ሌላ ነበረ። ዘንጉ ከቤቱ በሚወጣበት በሁለቱም ወገን እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የጎማ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን ሲቀደድ አቧራና ጭቃ ይገባል፤ ዘንጉ ይጫራል ወይም ይዝጋል፤ የተጫረው ዘንግ ደግሞ በተመላለሰ ቁጥር ጎሚኒውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከአስፋልቱ ወደ ገጠር የሚገቡት የጠጠር መንገዶች፥ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሕዝቡ በገዛ መዋጮው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቁሞ ያስጠረጋቸው ጭምር፥ ለሰው ትልቅ በረከት ሲሆኑ ለዚህ ሽፋን ግን ጠላት ናቸው።

በቡታጅራ ያገኘነው አንድ ሃይኤስ ሚኒባስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የግራው ሽፋን ተቀዶ በቃጫ ታስሮ ነበር። ነጂው በየሳምንቱ ዘይት መጨመር ከጀመረ አራት ወር አልፎታል።

«ጋሼ፥ ስጨምርለት እኮ ደኅና ይሄዳል» አለ።

«የጨመርከው የት እንደሚሄድ ጠይቀህ ታውቃለህ?» አሉት የጋራዡ አዛውንት፤ ከመኪናውም ሥር ገብተው ሽፋኑን በእጃቸው ቢጨምቁት ቀዩ ዘይት እስከ ክርናቸው ወረደ።

ሽፋኑ ውስጥ ዘይት ከተገኘ ጥፋቱ የጎሚኒው ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። ሽፋኑ ደረቅ ከሆነ ግን ዘንጉን ለማስወረድ መቸኰል አይገባም። ዘይት በነፋስ እየተገፋ ከፈሰሰበት ርቆ ስለሚንጠባጠብ፥ መጀመሪያ ሁሉም ነገር ታጥቦ መድረቅ አለበት፤ ከዚያ ሞተሩ ተነሥቶ አንድ ሰው መሪውን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር ሌላው በባትሪ መብራት ከላይ ወደ ታች ይመለከታል፤ የዘይቱን ዕቃ፥ የመመለሻውን ቱቦ፥ የግፊቱን ቱቦ መጋጠሚያ፥ ፓምፑን፥ በመጨረሻም ዘንጉን። በወልቂጤ ያየነው አንድ ባለመኪና በሌላ ስፍራ ዘንጉ በሙሉ እንዲለወጥ ተነግሮት ለግዢው ብድር ሊጠይቅ ተዘጋጅቶ ነበር። ሲመረመር የላላው የመመለሻው ቱቦ ፋሸታ ሆኖ ተገኘ።

ስለ ዘይቱም መናገር ያስፈልጋል። ብዙዎቹ አሮጌ ቶዮታዎች የሚቀበሉት ዴክስሮን የሚባለውን ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፤ የሌላው መኪና በዕቃው ክዳን ላይ ይነበባል። የፍሬን ዘይት መጨመር ግን ጎሚኒውን ሁሉ አሳብጦ ያበላሻል። መፍሰስ ያቆማል ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው መድኀኒትም የሚሠራው ጎሚኒውን በማለስለስና በመጠኑ በማሳበጥ ነው። የደረቀ ጎሚኒን ለጥቂት ጊዜ ይረዳል፤ የተጫረ ዘንግን ግን አያድንም። በእኛ አስተያየት ገንዘቡ ለአዲስ ሽፋን ቢውል ይሻላል።

ቸል ቢባል ምን ይደርሳል? ከወልቂጤ ወደ ጅማ ሲኬድ ወደ ጊቤ ወንዝ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ያየ ሰው መልሱን ይገምታል። ዘይቱ ቢያልቅ መሪው አይበጠስም፤ ጥርሱ ከጥርስ እንደ ተያያዘ ነው፤ ነገር ግን በድንገት ይከብዳል፥ ያልጠበቀውም ነጂ መታጠፊያው ላይ ይዘገያል። ከዚህም በላይ በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ የሚንጠባጠበው ዘይት እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ወደ ሚኒባሱ እንመለስ። ዘንጉ ወርዶ ከተፈታ በኋላ አዛውንቱ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ርዝመቱን ዳሰሱት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲስ ጎሚኒ ብዙ ሳይቈይ ይቈረጣል፤ ያን ጊዜ ሌላ ዘንግ መፈለግ ነው፤ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ቢገዛም ያው የጥፍር ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። የዚህኛው ጭረት ቀላል ስለ ነበር በቶርኖ ቤት ተወልውሎ ጎሚኒዎቹና ሁለቱም ሽፋኖች ተለወጡ፤ ቱቦዎቹም ታጠቡ፤ ሲደርቅ የከረመ ፓምፕ የሚያወጣው የብረት ብናኝ አዲሱን ጎሚኒ እንዳይበላ ነው። ከዚያ የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ከፍ ብለው በድጋፍ ላይ ቆሙ፤ ሞተሩ ሳይነሣ መሪው ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ ዞረ፥ የጐደለው ዘይት ተጨመረ፤ ሞተሩም ተነሥቶ እንደ ገና ዞረ። ዘይቱ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ነፋስ አለበትና ይህን ማቋረጥ አይገባም። በመጨረሻ የጎማዎቹ አሰላለፍ ተስተካከለ።

አዛውንቱ ነጂውን በሳምንቱ ተመልሶ እንዲመጣ አዘዙት። መጣ፤ እኛም ከመኪናው ሥር ገብተን ሽፋኖቹን ተራ በተራ ጨመቅናቸው፤ ደረቅ ነበሩ።